የማይታየው

ከከሚሴ በመንገደኛ፣ ሽሮ ተብሎ የመጣ
ፌስታል አለኝ፤ ከዱቄቱ ክኒን የሚወጣ።
እፍ ብዬ፣ አራግፌ፣ እውጣለሁ አንዷን ለማታ፣
ሳልሚያ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ከማጠቢያው ማሽን ኋላ፤
እሱ ጩኸት፣ እኔ ጸጥታ።

ድሮ እፍኝ ነበር። ጠዋት እፍኝ፣ ማታ እፍኝ፣
ሌሊት ቅዠት ሲጋልበኝ፣ ቀን ሆዴን ሲፈጀኝ።
ዛሬ አንዲት ናት።

ዚነት ደወለች ትናንት፦ «መርፌ መጣ አሉ፣
አንዴ ተወግተሽ ወራት የምትረሺው፤
ፌስታል የለ፣ ጓዳ ለጓዳ የምትሸሺው!»
ሳቅሁ። እዚህ አገር ክንዴን ለማን ልስጥ?
አንዲት የደም ጠብታ ናት፣ መመለሻዬን የምትቆርጥ።

«በደምሽ አይታይም» ብሎኛል የደሴው ሐኪም፤
«ያልታየ አይተላለፍም።»
ማዳሜም በአጠገቤ ታልፋለች፤ እኔንም አታይም።

ሁለት የማንታይ ነን፣ በአንድ ገላ።
ታስሮ የተኛው እሱ ነው፤
እኔ እጄ እርጥብ ነው፣
ልብስ ላሰጣ ወጣሁ።