ሌላዋስ?

ሰድበሪ፣ ጥር ወር። ብርዱ ሠላሳ ነው፣ ከዜሮ በታች፤
ከማቅለጫው ጭስ ማውጫ ጀርባ ጨረቃ ዘግይታ ወጣች።
የማክሰኞ ማታ ክፍል፣ አሥራ አንድ ተማሪ፤
አሥሩ ለጋ ወጣት፣ አንዱ ግን ጡረተኛ ማዕድን ቆፋሪ።

ሬዣን ላቫሌ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጉድጓድ ወርዶ
ኒኬል ሲፈልጥ የኖረ፣ ሰው ሳይነቃ፣ ማልዶ።
«ያወጣሁትን እንኳ ልወቀው» ሲል መጀመሪያ ቀን ነገረኝ።
«ፕሮፌሰር» ይለኛል፤ አይደለሁም፤ ብልቃጥ አጣቢ፣ ሚዛን ጠባቂ ነኝ።

ኮባልቱ ትናንት ሮዝ ነበር፣ ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው፤
አየር ሌሊቱን ሲነፋበት አድሮ ሦስተኛውንም ነጠለው።
ጠዋት ስደርስ ጠይሟል።
«ከሁለት ወደ ሦስት» ብዬ ጻፍኩ ሰሌዳው ላይ።
ሬዣን እጁን አነሳ፦ «ሌባው አየሩ ነው ወይ?»
«አዎን» አልኩት፤ «ቁጥሩ ግን የደብተር ሒሳብ ነው፤
ሁለት የሚጓተቱበትን ገመድ ለጉልበተኛው መጻፍ ነው።»
ሳቀ። «የኩባንያው ሒሳብ ሹምም እንዲያ ነበር የሚያደርገው።»

ከታች ሦስት መስመር፣ ሁለት ከላይ ሣልኩ፤ ገጻቸው ግን ባዶ፤
ውጭ አውቶቡሱ አለፈ፣ እየፈጨ በረዶ።
«ያን እዩ» አልኩ። «ከፊት ሦስት ወንበር አለ፤
ከኋላ ሁለት፣ በደረጃ ከፍ ያለ።
ስድስት ሰው ገባ። ከማያውቀው ጋር መጠጋት ማንም አይወድም፤
ደረጃው አጭር ከሆነ ወደ ኋላ መውጣት አይከብድም፤
አምስቱ አምስት ወንበር ይይዛሉ፣ ለየብቻ፤
ስድስተኛው ነው ሳይወድ በግድ የሚፈልግ አቻ።
አሁን ደረጃውን ከፍ አድርጉት፤ እንደ ግንብ ይሁን፤
ሦስቱን ወንበር ይካፈላሉ፣ ረስተው ኩርፊያውን፣
ጥንድ ጥንድ፣ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ዞሮ፤
ማግኔት ቢጠራቸው የሚሰማ የለም፣ ሁሉም ተጣምሮ።»

«ደረጃውን ከፍ የሚያደርገው ማን ነው?» አለ ሬዣን።
«ዙሪያውን የከበቡት» አልኩት። «ብረቱ ብቻውን አይወስን።»

ከዚያ ሁለቱን ጨው አወጣሁ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ እንደ ጥድ፣
ሌላው ወይን ጠጅ። ቀመራቸው ግን አንድ።
በአረንጓዴው ሁለቱ ክሎሪን ፊት ለፊት፣ ብረቱን መሃል አድርገው፤
በወይን ጠጁ ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው።
ውሃ ጠብ አድርገን እንፋሎት ላይ ስናቆየው
አረንጓዴው ቀስ ብሎ ወይን ጠጅ መሰለ፤
ልጆቹ ስልካቸውን አወጡ፤ ሬዣን በሳህኗ ላይ ዓይኑን ተከለ።

ሁሉም ሲወጡ እሱ ኮፍያውን እያሻሸ ቀረ።
«ሚስቴ ኡጌት» አለ፣ «ዛሬ ጠዋት ሦስተኛ ጊዜዋ ነበረ፤
በክንዷ የሚገባው ፕላቲነም ነው። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሣለልኝ፤
ሁለት አሞኒያ፣ ሁለት ክሎሪን። የዛሬው ትምህርት አስታወሰኝ።
ጎን ለጎን ናቸው?»

«ጎን ለጎን» አልኩ። «ሁለቱ ክሎሪን ለቀው ሲሄዱ
በክፍቱ ቦታ የዕጢውን ዘረመል ይቆነጥጣል፤ ይታጠፋል ገመዱ።»

«ፊት ለፊት የሆነችውስ? ሌላዋስ?»

«ያው ናት፤ አንድ አቶም አልጎደለ፤
እጆቿ ግን ተራርቀዋል። ስሟ ከመድኃኒት መዝገብ የለ።»

ዝም አለ። ማሞቂያው ቧንቧ ውስጥ አንኳኳ።
«ከኒኬሉ ጋር ፕላቲነም ነበረ» አለ፣ «በቶን ድንጋይ ቅንጣት፤
አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።» ጓንቱን አጠለቀ። መብራት
አጠፋሁ።

ፌርማታው ላይ ትንፋሻችን ብቻ ነበር የሚሄድ የሚመጣ።
አውቶቡሱ ቆመ፤ ከሹፌሩ በቀር ሰው አልነበረበትም፣ የወረደም የወጣ።
የፊቱም የኋላውም ወንበር ባዶ።
ሬዣን በረዶውን ከጫማው አራገፈ፣
መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ።

ሳህኗን ሳልከድን መውጣቴ ትዝ ያለኝ
የባቡሩን ሐዲድ ካለፍን በኋላ ነው።