ሙሉውን

ሳንባ ቀቅላ ታወጣለች፣ ጅማቱን ትመነጥራለች፣
ዳቦውን በወተት አርሳ፣ በጣቷ ታድበለብላለች፤
ጉራቲ አፏን ስትከፍት
ጉርሻ ነው፣ ደግሞ ጉርሻ፣ እስክትጠግብ፣ እስክትተኛላት።

ሙሉ ናት፣ ባለቤቴ። ሄርማታ ገበያ ያውቃታል፤
ከስፌት መኪናዬ ጎን በርጩማዋ ዛሬም አለ፣ ሰው ሊቀመጥበት ይፈራል።
እኔንስ መች ለየችኝ?
ከጊቤ ግድብ ዓሣ ሲመጣ፣ ቀድማኝ ቀርባ ከትሪው፣
እሾሁን በጥፍሯ ለቅማ፣ ለእኔ የሚደርሰኝ ነጩ፣ ለስላሳው።
ሠላሳ አንድ ዓመት በላሁ፣ ዓሣ አጥንት እንዳለው ሳላውቀው።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ሙሉ ሄደች።
ድመቷ ከእኔ ጋር ቀረች፤
ሁለት አጎራሽ የሞተብን፣
ዳቦ በወተት እያራስን፣ እኔም እሷም ከአንድ ሳህን።

በጥቅምት ድዷ ቀላ። ትንፋሿ ከረፋ። ከሳች።
በዘምቢል ይዣት ብሄድ፣ ነጂባ አፏን ከፈተች፤
(ሐኪም ናት፣ የከብት፣ የውሻ፤ ገና ከእርሻ ኮሌጁ የወጣች።)
አየች፣ አየች፣ ዝም አለች።
«ጋሼ፣ ይሄ ጥርስ ለጌጥ ነው የበቀለላት?
አጥንት ሰብራ ታውቃለች? ላባ ነጭታ? ወይስ ገንፎ ነው የሚያበሏት?
ከዛሬ ጀምሮ ሙሉውን ነው፤ ሙሉውን ይስጧት።»

«ሙሉ…?»
«ሙሉውን። ከነጭንቅላቱ፣ ከነላባው፣ ከነሆድ ዕቃው።
ቀስ እያሉ ግን፣ ከሳንባው ጋር እየቀላቀሉ፤ አንጀት በአንድ ቀን አይለምደው።
የቡና መጋዘን አይጥ ደግሞ አደራ! መርዝ ነው የሚነሰንሱበት፤
መርዝ የበላ አይጥ ሞቶም ይገድላል። ይልቅ ጫጩት ከሚፈለፈልበት
ይጠይቁ፤ ወንድ ወንዱን አይፈልጉት።»

ቃሏን በደጋገመች ቁጥር፣ ሙሉ፣ ሙሉ ስትል፣
እጄ ላይ ዘምቢሉ ይከብዳል።

ስድስት የአንድ ቀን ጫጩት፣ ትንፋሻቸው የወጣ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ
ፍሪጅ ውስጥ ከበረዶው ስር አኖርኩ፣ ማንም አያይም ብዬ።
ልጄ ዘቢደር ከአጋሮ መጥታ፣ ሥጋ ልታወጣ ከፍታ፣
ጩኸቷ አዌቱን ተሻገረ። «አባባ፣ አበድክ?» አለች ቆይታ።
አላበድኩም። ያበደ ሰው
ጫጩት ለብ ባለ ውሃ አይነክርም፣ በመዳፉ ይዞ አያሞቀው።

መጀመሪያ ቀን አሸተተችው። ወለሉን በእግሯ ጫረች፣
ኩሷን እንደምትቀብር ቀብራው፣ ወደ በርጩማው ሄደች።
በሁለተኛው መቀሴን አነሳሁ፤
አርባ ዓመት ካኪ የቆረጥኩበትን። ለአንዲት የጫጩት ጭን ዓይኔን ጨፈንኩ፣
ቆረጥኩ፣ ከሳንባው ለወስኩ፣ ሰጠሁ።
ሳንባውን በላች። ጭኑን ተወች።
በሦስተኛውም እንደዚያው። በአራተኛው ላሰች፤ ብቻ ላሰች።

በስድስተኛው ሌሊት መብራት የለም፤ ቆርቆሮው ላይ የጅማ ዝናብ ይወርዳል፤
ከዝናቡ ስር ሌላ ድምፅ፦ ቀጭ ይላል። ቆም ይላል። ቀጭ ይላል።
ባትሪ አበራሁ። ጉራቲ፣ ሰባት ዓመት እግሬ ስር የተኛችው፣
ጥርሷን አሳይታ አጉረመረመችብኝ፤ ሥጋዋን በእግሯ ረገጠችው።
ባትሪውን አጠፋሁ።
በጨለማ ቆሜ ሰማሁ
አንዲት ነፍስ ያለ አጎራሽ ስትበላ።
ጠዋት አንድ ቢጫ እግር ብቻ፣ ከምንጣፉ ጥግ፤ ምንም ሌላ።

ቅዳሜ ዓሣ መጣ። ልጁ ቢላውን ስሎ፣
«አጥንቱን ላውጣልዎ፣ ጋሼ?» ቢለኝ፣ «ተው፣ ሙሉውን» አልኩት ቶሎ።
ዘቢደር ጠብሳ አቀረበች፤ ዓይኑ ያየኛል፣ ጅራቱ ከሳህኑ ወጥቶ።
በጣቴ ፈለፈልኩ። ተሳሳትኩ። እንደገና።
ጭንቅላቱን ወረወርኩ፤ ከጠረጴዛው ስር ቀጭ አለ።
ከዚያ አንዳች ነገር ጉሮሮዬን ያዘኝ።
ዘቢደር ውሃ ይዛ ሮጠች፣ ጀርባዬን መታች፣
ዓይኔን አየች።
«ምነው አባባ?»

«እሾህ ነው» አልኳት፤ «እሾህ።»
ደግሞም እሾህ ነበረ።