ውሃ ልክ

ውሉ አንድ ገጽ ነው፤ ሁለት ምስክር፣ ቀብዱ ሲሶ፣
በካሬ ተለክቶ፣ በካሬ ተባዝቶ፣ በአንድ ምሽት ተጨርሶ፦
«አጥሩና ግንቡ፣ በረንዳው ጭምር፣
ታጥቦ፣ ቀለሙ ተልጦ፣ ታሽጎ፣ ለሠርጉ እንዲያምር።»
አቶ መርጊያ ፈረመ፤ እኔም ከሱ ሥር፤
ከጣቴ ያልለቀቀ ቫርኒሽ ታተመ ከስሜ ዳር።

ቤቱ ደቻቱ ዳር ነው፤ ወንዝ ይሉታል፣ አሸዋ ነው እንጂ፣
ግመል የሚያቋርጠው፣ ኳስ የሚያንከባልልበት ልጅ።
ግንቡ ላይ፣ ከደረቴ ከፍ ብሎ፣ አንድ ቡናማ መስመር፤
ግንበኛ በውሃ ልክ ያሰመረው መስሎኝ ነበር።
ሊበን ሳቀብኝ፦ «አቦ፣ ልክ ነህ፤ ውሃው ነው የለካ፣
ያኔ ሌሊት መጥቶ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ እየነካ።»
ሳቁን ሳይጨርስ ጎማውን መፍታት ጀመረ።
እናቱን አልጠየቅሁትም። ጎማው ተቋጥሮ ነበረ።

ሮቶው ሁለት ሺህ ሊትር ነው፤ በቦቴ ተገዝቶ የሞላ፤
ሞተሩ ሲነሣ ጎማው ደነገጠ፣ ገፋኝ ወደ ኋላ።
ሙያው እንዲህ ነው፦ ሳሙና ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤
ውሃ ከላይ ወደ ታች ይመጣል፤
ይህን የገለበጠ ግድግዳውን ዥንጉርጉር ያወጣል።
አፈሙዙን ከድንጋዩ አንድ ስንዝር ታርቀዋለህ፤
ቢቀርብ ድንጋዩን ትበላዋለህ፣
ቢርቅ አቧራውን ታጠጣዋለህ።

መጀመሪያ ቢጫው ሄደ፤ ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ፤
ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፣ የማን ምርጫ እንደነበር የታጣ፤
ከሁሉም ሥር ኖራ።
የድሬ ውሃስ ራሱ ኖራ አይደል? ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ ይወልዳል፤
የማሽኔን ጉሮሮ በየወሩ በሎሚ አጥባለሁ፣ አለዚያ ይታነቃል።
ድንጋይ በድንጋይ ሳጥብ ነው የኖርሁት፣
በቀጭን አፍ፣ በብዙ ጩኸት።

ቦኖው ከተዘጋ አራተኛ ቀኑ ነው። ቢጫ ጀሪካኖች
ተሰልፈው ያዩኛል፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እንደ ጫጩቶች።
አዴ ሚስኪ መጣች፤ ሽርጧን ሰብስባ ግንቡ ሥር ቆመች፤
ከድንጋዩ የሚንጠባጠበውን በመዳፏ ተቀብላ አየች።
«ልጄ፣ ድንጋዩ ጠማው እንዴ?»
ምን ልመልስላት? ውል አለኝ ልበል? ቀብድ በልቻለሁ ልበል እንዴ?

ማሽኑን አጠፋሁ። ሊበን ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ሮቶው አየሁ፤
ጎኑን በጣቴ አንኳኳሁ፣ ሩብ ብቻ መቅረቱን ለየሁ።
ጎማውን ከሞተሩ ነቀልነው፤ ቁጣው የወጣለት ውሃ ወረደ፤
ጀሪካን ሲሞላ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን፣ ወደ ፉጨት ሄደ።
አሥራ ዘጠኝ ሞላን። ሃያኛው ግማሹ ላይ
ሮቶው ሳለና ነጠፈ።

ሦስት ካሬ ቀረኝ፤ በሩ አጠገብ፣ ያ መስመር ያለበት።
ቦቴ በየት? ሳቢያን ደወልሁ፣ ከዚራ ደወልሁ፣ ሁሉም «ነገ» ያሉበት።
ነገ ሠርግ ነው። ፀሐይዋ ግንቡን በአንድ ሰዓት አደረቀች፤
ማሸጊያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሳትጠየቅ አበደረች።
ማታ በሮለር፣ ሁለት ዙር፣ ከጥግ እስከ ጥግ ቀባን።
ማሸጊያ አይፈርድም፤ የጸዳውን ከነጽዳቱ ይዘጋል፣
ያልጸዳውንም እንዲሁ፣ ከነጭቃው ያስቀምጣል።
እንግዲህ ዝናብ ቢወርድ አያስለቅቀው፤
ደቻቱ ራሱ ቢመለስ፣ የገዛ ፊርማውን አይፍቀው።

በማግስቱ ቀሪ ሂሳቤን ልቀበል ሄድሁ።
አቶ መርጊያ፣ በሙሉ ልብሱ፣ የሦስት ካሬ ዋጋ ቀነሰ።
ሐቁ ነው፤ አልተከራከርሁም።
በሩ ላይ፣ አዲስ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ልጅ
ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ፣ መዳፉን አናቱ ላይ ጭኖ
መስመሩን ይለካል።
«ጋሼ፣ ስንት ይቀረኛል?»
ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ሁለት ጣት።»
«ክረምት ሲወጣ እደርስበታለሁ፣» አለ።
ትደርስበታለህ ልለው አፌን ከፈትሁ፤
ዘጋሁት።