የቀን ማህተም

ደብዳቤው ሦስት መስመር፤ ስሜንም ስቶታል።
«ከሰኞ ጀምሮ» ይላል፣ «ተዛውረሻል፤
የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ሰብሳቢ ክፍል።»

አለቃዬ ወጣት ነው፤ እጁ አቧራ አያውቅም፤
«ዕድገት እኮ ነው» ይላል፤ ዓይኔን ግን አያይም።

ሃያ ስድስት ዓመት! መብራት በሄደ ማታ
ጀርባውን ዳስሼ አውቃለሁ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ቦታ፤
ማን ገጽ እንደሚያጥፍ፣ ማን ኅዳግ ላይ እንደሚሳደብ፣
የማን ልጅ ከዳቦ ጋር ደብቆ እንደሚያነብ።

የፑንታ አሬናስ ነፋስ ሰው ገፍቶ ይጥላል፤
ማዘጋጃ ቤቱ በየጥጉ ገመድ ወጥሯል፤
እኛ በር የደረሰ ኮቱን አራግፎ ይስቃል።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ፣ ጨው ጨው እየሸተተ፣
ሊሳንድሮ ይመጣል፣ እግሩን እየጎተተ።
ሸርጣን አጥማጅ ነበር። ፊደል አልቆጠረም።
የባሕር ካርታ ዘርግቶ
በጣቱ ይቀዝፋል፤ ቃል አይተነፍስም።
ትናንት ቀና ብሎ፣ «ለሐሙስ ማን አለ?»
ዝም አልኩ። ጣቱ ቆሞ ባሕሩ መሃል ዋለለ።

ቅጣት አልሰበስብም። መልቀቂያዬን ጻፍኩ፣
በዚያው በደብዳቤያቸው ጀርባ፤ ስሜን አርሜ ፈረምኩ።
የቀን ማህተሙን መሳቢያ ከተትኩት፤
ጎማው ላይ አምስት ዓመት ቀርቷል፣ እኔ ያላዞርኩት።

ሃያ ስድስት ዓመት አዋሽ ነኝ ስል ኖሬ
ለካስ ተዋሽ ነበርኩ፤ ቀኔ ደረሰ ዛሬ።

ቁልፉን አስረከብኩ። በሩን ነፋስ ዘጋው።
ገመዱን ይዤ ጥጉ ጋ ስደርስ መነጽሬ ትዝ አለኝ፤
ካርታው ላይ ቀርቷል፣
የሊሳንድሮ ጣት ከቆመበት አጠገብ።
አልተመለስኩም።