ከአንኮበር ምሥራቅ

ዓርብ ነበር፤ አልዩ አምባ፣ አሞሌው ከግመል ሲራገፍ፣
ከበርበሬ ቸርቻሪዎች መሐል ቁጭ ብሎ አየሁት ሲጽፍ።
«ስንት ቋንቋ ታውቃለህ?» አለኝ። «ሦስት ተኩል» አልኩት፤
ተኩሉ የእርሱ ነበረ፣ ታጁራ ከመርከበኛ የለቃቀምኩት።
አፉ ሆንኩ፤ ደመወዜ በወር ሁለት ጠገራ ብር፤
አንድ ሣጥን ልብስ፣ ሦስት ሣጥን መጽሐፍ ጭነን ወጣን አንኮበር።

አንዱን መጽሐፍ ሌሊት ሌሊት በጧፍ ይደግመዋል፣
ሲጨርስም፣ እንደ ዳዊት፣ ሊሳለመው ይቃጣዋል።
የጻፈው ያገሩ ሊቅ ነው፣ ወንበር የዘረጋ መምህር፤
ከደጁ ርቆ የማያውቅ፣ እንኳንስ ሊሻገር ባሕር።
«ምን ይላል?» አልኩት አንድ ማታ፣ ዝናብ ክዳኑን ሲደበድብ።
«አእምሮ እንደ ፀሐይ ነው፤ በምሥራቅ ወጥቶ ይበስላል በምዕራብ።
ምሥራቅ ግን ሕፃን ሆኖ ቀረ፤ ተኝቷል፤ ዘመን አልነካው፤
ትናንቱም ነገውም አንድ ነው፤ ጊዜን የሚለካ የለው።»
«ሌላም አለ» አለና ደግሞ ሁለተኛውን አወጣ፤
«ይኸኛው ይሰግድላታል፤ ጥበብ ከእርሷ ነው የመጣ።»

አንዱ ሕፃን ብሎ ሲያዝላት፣ አንዱ አሮጊት ብሎ ሲሳለማት፣
አሞሌ በስንት ገባ ብሎ አንዳቸውም አልጠየቋት።

ያንኮበር ጉም ልማዱ ነው፣ ከልብስ አልፎ አጥንት ያርሳል፤
የኪስ ሰዓቱን ዝገት በላው፤ ቢያናውጠው ዝም ይላል።
«ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ላከኝ ካለቃ ምዕዛ ደጅ፤
ጥላቸውን በጫማ ለክተው፣ «ዘጠኝ አልሞላም በለው፣ ወዳጅ።»
ነገርኩት። እሱም ያችን ሰዓት በደብተሩ ከተባት፤
ከሥሯ፣ «እዚህ አገር ጊዜ አይታወቅም» ብሎ ጻፈባት።
(ሲጽፍ ድምፁን ያሰማል።)

ከዚያ ወዲህ ያየው ሁሉ መጽሐፉን መሰለለት፤
ባለጉዳይ ችሎት ሲጠብቅ፣ «እንቅልፍ» ብሎ ጻፈበት፤
ያው ሰው ተነሥቶ ሲሟገት፣ «የሕፃን ቁጣ» ጨመረበት።

አንድ ጠዋት ጉሙ ተገለጠ። ሦስታችን ካፋፉ ቆምን።
ደፈርኩና ጠየቅሁ፣ «ምሥራቅ፣ ምሥራቅ የምትለው የቱን?»
እጁን ዘርግቶ ዞረ፤ እኔን፣ አለቃን፣ ጎጆውን፣ ደብሩን
ሁሉንም አዳረሰ።
ተረጐምኩ። አለቃ ምዕዛ ሳቁ፤ ነጠላቸው ካፋቸው ፈረሰ።
«ምሥራቅማ ያውልህ!» አሉ፤ በመቋሚያቸው ጠቆሙ
ወደ ቆላው፣ ወደ አዳሉ፣ አቧራው ወደሚታይበት፣ ወደ ግመሉ።
«እነዚያ ናቸው የተኙት፤ በዓል የላቸው፣ ዘመን አይቆጥሩ።»
ይኼን አልተረጐምኩም።
ፈረንጁ ግን መቋሚያውን አይቶ፣ ቆላውን አይቶ፣ ራሱን ነቀነቀ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እኔ ተግባቡ።
እናቴ የዚያ አገር ልጅ ነች።

በዓርቡ ደመወዜን ይዤ ወረድኩ።
አጎቴ ሐመዱ ግመሉን ሲፈታ አገኘሁት።
«ምሥራቅ የት ነው?» አልኩት።
ቀና ሳይል፣ «ከጨው ሐይቁ ወዲያ» አለ፤ «የባሕር ዳር ሰዎች፤ እንቅልፋሞች።»
ገመዱን ጠቀለለ።
አሞሌ ባለፈው ዓርብ ለአንድ ብር ሃያ ነበር፤
ዛሬ አሥራ ስምንት።