የጆሮ መድፈኛ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ዊኒፔግ ጭስ ለብሳ፣
ፀሐይ እንደ ዛገ ሳንቲም ከጣሪያ ጫፍ ደርሳ፣
የአሥራ ስምንት ቁጥርን አውቶቡስ አቁሜ፣
ሸሚዜን ለውጬ ከሰልፉ ጫፍ ቆሜ።

በረኛዋ ልጅ ሽበቴን አይታ፣
«የማን አባት ነህ? የጊታሩ? የከበሮው?» አለች
ማኅተሙን እጄ ላይ መትታ።
የማንም አይደለሁም። ሰሚ ነኝ።
አራት ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሰሚ ነኝ።

ብርቱካንማ የጆሮ መድፈኛ በብርጭቆ ሞልተው
ከደጃፉ አኑረዋል፤
ሁለት አነሣሁ፣ እንደ ከረሜላ።

ቤቱ ድሮ ባንክ ነበር። የካዝናው በር ዛሬም አለ፤
ቢራው እዚያ ይቀዘቅዛል።
ገንዘብ በተኛበት ቦታ
ገንዘብ የሌላቸው ልጆች ቆመው ይጠጣሉ።
የባንዱ ስም «የሐሙስ ጥርሶች» ነው።
ለምን ማክሰኞ እንደሚጫወቱ ጠይቄ አላውቅም።

ቤዙ ሲያጓራ ጭኔን ይነዝረኛል፤
ስልኬም ከኪሴ ሆኖ ያንኑ ጭን ይነዝረኛል፤
የቱ ነው ከበሮው? የቱ ነው ታሪፉ?
የቱ ነው እሳቱ፣ የቱ የምርጫ ሰልፉ?
ሥጋ አይለይም። ለሥጋ ንዝረት ንዝረት ነው።

አጠገቤ ሬይመንድ የሚባል ሰው ቆሟል።
ከሰሜን ነው፤ ደኑ ሲነድ በአውሮፕላን አውጥተውት
ሆቴል ከገባ ስድስት ሳምንቱ።
«ቴሌቪዥኑ አይጠፋም» አለኝ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፤
«ልጆቹ ቤታችን ይታይ እንደሆን ብለው ያፈጡበታል።
ከወሬ ጩኸት ይሻላል ብዬ መጣሁ።»
መድፈኛውን አንዱን ሰጠሁት። በአንድ በአንድ ጆሮ ሰማን።

በሦስተኛው ዘፈን የጊታሩ ክር ተበጠሰ።
ትርፍ ጊታር የላቸውም።
ግሬም ተንበርክኮ ክር ሲቀጥል
ሊዮኒ ማይኩን እንደያዘች ቀረች።
«እሺ» አለች፣ «እስኪጨርስ ንገሩኝ፣ ዛሬ ምን ተፈጠረ?»

ዝም።

«የቤት ኪራይ!» አለ አንዱ። «ጭሱ!» አለ ሌላው።
«ታሪፍ!» — የዚህኛው ድምፅ ቀልድ የለበትም፣
ከፋብሪካ የተቀነሰ ሰው ድምፅ ነው።
አንዷ የሩቅ ከተማ ስም ጠራች፤ ስሙ ብቻውን
አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ፣ ማንም ሊያወርደው አልደፈረም።
እኔም የሁለት አገር ዜና ተሸክሜ
የቱን ላስቀድም እያልኩ አፌን ስከፍት፣
ከኋላ አንዲት ልጅ ጮኸች፦
«ውሻዬ ተገኘ!»

ቤቱ ፈነዳ።
ያ ባንክ እንዲህ ያለ ገቢ አይቶ አያውቅም።
ሬይመንድ፣ የቤቱን ወሬ ገና ያልሰማው ሬይመንድ፣
እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ስሙ ማነው?» ብሎ ጮኸ።
«ብስኩት!»
ለአንድ ውሻ ነው ይህ ሁሉ? አዎ፣ ለአንድ ውሻ።
የሚጨበጥ ዜና ርቦን ነበር።

ክሩ ተቀጠለ። የቀረችውን መድፈኛ አወጣኋት።
ዳሪያ ከድምፅ ማደባለቂያው ጀርባ ጣቷን ነቀነቀችብኝ፤
ጆሮ አይመለስም ማለቷ ነው። አውቃለሁ።
አንድ ዘፈን ብቻ፣ ራቁቱን ልስማው ብዬ ነው።

ከሌሊቱ አሥር ተኩል ጋራዥ ውስጥ ሞተሩን ሳሞቅ
ጆሮዬ አሁንም ያፏጫል። ጭሱ አልለቀቀም።
የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናት፤
ስልኳን እያየች ወጣች፣ ራሷን ነቀነቀች፣
«ሰማህ?» አለችኝ።
ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።
«ውሻው ተገኘ» አልኳት።
ስልኳን ዝቅ አደረገች።
«የማን ውሻ?»