የማያውቀው እሺታ

«ገብቶሃል ወይ?» አሉት ዳኛው ቀና ሳይሉ፤
ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ገና መዝገቦች አሉ።
ሳቱርኒኖ ቻምቢ፣ ባርኔጣው በእጁ ላይ፣
አንገቱን አዙሮ ማን እንዳለ ሲያይ፣
እኔ ላይ አረፈ ዓይኑ ለቅጽበት፤
ከዚያም «ሲ» አላቸው። እሺ ማለት ናት።
ከስፓኝኛ ሁሉ እሷን ነው የሚያውቃት።

ገበያ ተማራት ድንቹን ሲያስመዝን፣
ፖሊስ ሲያስቆመው፣ ሐኪም ሲያየው ጎኑን፤
«ሲ» ያለን ሽማግሌ ቶሎ ይለቁታል ብሎ
እንደ መታወቂያ ይዟታል ኪሱ ውስጥ ጠቅልሎ።
ያን ቀን ግን አልለቁት። አውራ ጣቱን ነክሮ
የላማውን ግጦሽ፣ ምንጩን፣
የአባቱን መቃብር ጨምሮ
ለማዕድን ቆፋሪው አስረከበ በቀለም፤
«ለዘላለም» ይላል ወረቀቱ፣ ለዘላለም።

እኔ በሌላ መዝገብ ነበርኩ ተራ ጠባቂ፣
የአንድ ወርቅ ነጋዴ የግብር ይግባኝ አርቃቂ።
አይማራ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ አየሁት፤
እንዳልገባው ገባኝ። ገብቶኝ ዝም አልኩት።
«የኔ ጉዳይ አይደል» የሚባል ልብስ አለ በሙያችን፣
ከካባው በፊት የምንደርበው፣ ሙቀቱ ለብቻችን።
ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ የኔውን
መዝነው ከፍለውኛል፣ በደረሰኝ፣ ዕለቱን።

ሰባት ወር ተኛሁ፣ ተኛሁ ከተባለ፤
በየሌሊቱ አንድ ሰው «ሲ» እያለ።
የተመረቅን ዕለት ቀኝ እጃችን ወጥቶ
ለድሃው፣ ለተገፋው፣ ብለን ስንምል አዳራሹ ሞልቶ፣
እናቴ ከኋላ ወንበር፣ አንድም ቃል ሳይገባት፣
«ሲ፣ ሲ» ትል ነበረ፣ እንኳን ደስ አለሽ ላላት።

በመጨረሻ ወጣሁ። አውቶቡስ እስከ ድልድዩ ነው፤
ከዚያ ወዲያ አራት ሰዓት፣ ዳገቱ የእግር ነው።
ቲቲካካ ከታች እንደ ሳንቲም አብርቶ፣
አገኘሁት ድንቹን ለሌሊቱ ውርጭ አስጥቶ።

«በነፃ ልቁምልህ» አልኩት። ሳቀ።
«ምንጬም እኮ የሄደው ‹በነፃ› እየተባለ፤
መንገድ በነፃ፣ ክሊኒክ በነፃ... የትስ አለ?»
«ዕዳዬን ነው» አልኩት፣ «የምከፍለው እኔ ነኝ።»
ድንቹን ገለበጠ፣ ሌላ ድንች፣ ሌላ። ከዚያ አየኝ።
«አረንጓዴ ሻርፕ ነበር ያደረግሽው ያን ቀን፤
ፊትሽ የኛን ፊት መሰለኝና አየሁሽ፣ ልጠይቅሽ በዓይን።
አቀረቀርሽ።
እንግዲያ እሺ ነው የሚባለው ብዬ፣ እሺ አልኩ።»

ስንት ክስ አንብቤ፣ ስንት መልስ ጽፌ አውቃለሁ፤
ለዚህኛው ግን መልስ አጥቼ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ጠረጴዛ እዘረጋለሁ፣
ከጫማ ሰፊው ጎን፤ ዝናብ ሲመጣ ላስቲኩን እጋራዋለሁ።
ኤውፍራሲያ መጣች፣ ስሟ በአንድ ፊደል ተሳስቶ
ውርሷ ለሌላ ሴት ወጥቶ፤
ግንበኛው መጣ፣ አሠሪው ደመወዙን በልቶ፤
አንዷ ምንም አልያዘች፣ ተቀምጣ ሄደች፣
በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግማ ተቀመጠች።
ባልደረቦቼ በፌዝ «ቅድስት ኔሊዳ» ብለውኛል፤
ቅድስና አይደለም፤ ወለድ ነው፤ ዋናው ይቀረኛል።

መዝገቡ ተከፈተ። አስተርጓሚ ጠፋ፣ ተቀጠረ።
አስተርጓሚው ታመመ፣ ተቀጠረ።
በሦስተኛው አንድ ልጅ እግር ቆሞ ሁሉን ዘረዘረ።
ሳቱርኒኖ «ለዘላለም» የሚለው ላይ አስቆመው፤
ድገመው አለው። ደገመው።
ከዚያ ድምፁን ሳያነሳ፣
«ሃኒዋ» አለ።
አይሆንም ማለት ነው።

ፍርዱ ገና ነው፤ ለሚያዝያ ተቀጥሯል።
ምንጩ አሁንም በሽቦ ታጥሯል።
የችሎቷ ጸሐፊ ግን ጣቷን ከመክተቢያው አንስታ
«እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለችኝ ዓይኗን ወደኔ አቅንታ።
ፊደል በፊደል ነገርኳት፣ ቀስ ብዬ፤
ድሮ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ትቼው የገባሁትን ቃል፣
ሳላቀረቅር፣ ቀና ብዬ።